የሸማው ስም

አንድ ሸማ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ሦስት ነገሮች ይለዩታል፤ የሸመነው እጅ፣ የለበሰው ገላና የተሸጠበት ገበያ። በምትካቸው የሚሰጠው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። በዚያች ወረቀት ላይ «የእስልምና ጨርቅ» ወይም «የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ» ተብሎ ሲጻፍ ምን ማለት ነው? ጥያቄው የመዝገብ አያያዝ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጭምር ነው።

ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ ገበያ የተገዛ አንድ ጋቢ ለአብነት ይወሰድ። ጥጡን የፈተለችው ክርስቲያን፣ ድሩን አድርቶ ማጉን የወረወረው ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ገዢውም ቅዳሴ ያስቀድስበታል፤ ወይም ጁምዓ ይሰግድበታል። ጋቢው ግን ያው ጋቢ ነው። ሃይማኖቱ በክሩ ላይ አይነበብም፤ የሚነበበው ክሩ ባገናኛቸው ሰዎች ኑሮ ውስጥ ነው።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ አዲስ ዓለምም የሙስሊሙ ሰፈር ሆነ። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ቢለይም ሸማው አልተለየም። የሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴ ሥራ ክርስቲያኑን ማልበሱን ቀጠለ። ከዚያም አስቀድሞ በመካከለኛው ዘመን በእስላም አገሮች የተሠሩ ጨርቆች እስከ ደብረ ዳሞ ገዳም ደርሰው በክብር ተጠብቀው ኖረዋል፤ ጣሊያናዊው ተመራማሪ አንቶኒዮ ሞርዲኒም አጥንቷቸዋል።

እንግዲህ የጨርቁን ስም የሚወስነው ሠሪው ነው ወይስ ተጠቃሚው? በሠሪው ብቻ የሚሰይም የገዳሙን አክብሮት ይዘነጋል። በተጠቃሚው ብቻ የሚሰይም ደግሞ የሸማኔውን ላብ ይክዳል፤ ይህም ክሕደት ሥር የሰደደ ነው። ሸማ ለባሹ ሸማ ሠሪውን ሲንቅ ኖሯልና፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ሠሪውን የማያነሳ ጽሑፍ የዚያ ንቀት ዝምተኛ ወራሽ ነው።

ሆኖም ንቀትን ለመካስ ሲባል ማስረጃ የሌለው ስም መስጠትም ፍትሕ አይሆንም። በ18ኛው ምዕት ዓመት እንደተሠሩ የሚገመቱት የጎንደር የሐር መጋረጃዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ፈትሉ በቀዳዳ ትንንሽ ገበታዎች ውስጥ አልፎ፣ ገበታዎቹ እየተገላበጡ የተሸመኑ ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ሌላው በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ምስሉ የክርስቲያን ቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ነው፤ ሸማኔው ግን ስሙን አልተወም። ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል ሊሆን ይችላል ማለት ይቻላል፤ ነው ብሎ መቁረጥ ግን አይቻልም። ሐቀኛ ጽሑፍ የሚታወቀውን ይናገራል፤ የማይታወቀውንም ባዶ ቦታ በግልጽ ያሳያል።

ያለፈው ሸማኔ ተጠይቆ አይመልስም። የዛሬው ግን በጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል። ጋቢው መስታወት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስሙን፣ ሙያውን ከማን እንደተማረና ለማን እንደሸመነ መጠየቅ የቤተ መዘክሩ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ጨርቁን ጠብቆ ሰውን መጣል ቅርስን በግማሽ መጠበቅ ነውና።