አፈር፣ ጸበልና የታማሚ ቆዳ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው፤ የምዕራብ ሸዋ ምእመንም ሲታመም ፈውስ የሚሻው ከእነዚሁ ሲሆን፣ ጸበል ይጠመቃል፣ እምነት የሚባለውን የተባረከ አፈር ወይም አመድ ቁስሉ ላይ ይቀባል፣ በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦም ፍልውሃ ይገባል። ታዲያ ከእነዚሁ ባሕርያት የሚመጣ ተሐዋስ የታማሚውን ቆዳ ሲወርርና ሐኪም አፈሩንና ውሃውን ሲከለክል፣ ክልከላው እምነትን ይነካልን?

ይህ ጥያቄ ከሚነሣባቸው ታማሚዎች አንዱ የሉኪሚያ ታማሚ ነው። ሉኪሚያ ነጭ የደም ሕዋሳት በመቅኒ ውስጥ ያለ ልክ የሚባዙበት የደም ካንሰር ነው። ኬሞቴራፒ የተባለው ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት ጤነኞቹን ሕዋሳት ጭምር ስለሚያጠፋ፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሊወርዱ ይችላሉ፤ ይህም ከ10 ቀን በላይ ሲቆይ፣ ጤነኛ ሰው በየዕለቱ ሲተነፍሰውና ሲረግጠው ምንም የማያደርገው ፈንገስ ወደ ሥጋ ዘልቆ ይገባል። በቆሎና ስንዴ የሚያበሰብሰው፣ በአምቦ የሰብል በሽታ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው ፉሳሪየም፣ በተሰነጠቀ የእግር ጥፍር ሥር ገብቶ ወደ ደም ይሻገራል። በመጀመሪያ ምስር የምታህል ቀይ እብጠት ትወጣለች፤ ከዚያም መሃሏ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ፈንገሱ የደም ሥሮችን ስለዘጋ የሞተ ሥጋ ነው።

ይህን ጥቁረት እርግማን ወይም መተት ነው የሚል ቤተሰብ አይታጣም። ኢዮብ ግን ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ ቆስሎ በአመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቁስሉን የኃጢአቱ ምስክር ያደረጉበት ወዳጆቹ ነበሩ፤ መጽሐፉም በመጨረሻ የሚፈርደው በእነርሱ ላይ ነው። ከሞተ ሥጋ ኃጢአትን የሚያነብ ሰው የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት ይደግማል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ይህን የመሰለ ፈንገስ ለማከም እስከ ዛሬ የሚያገለግለው አምፎቴሪሲን ቢ በ1950ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተገኘው በቬኔዙዌላ ኦሪኖኮ ወንዝ አጠገብ ከተወሰደ አፈር ነውና፣ ያው መሬት ሕማሙንም መድኃኒቱንም ይዟል። አፈሩ ሲባረክ አፈርነቱ፣ ውሃውም ሲቀደስ ውሃነቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሐኪሙ ክልከላ ቅድስናውን አይነካም፣ የሚመለከተው የታማሚውን ድካም ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛውን ከጾም ስታሳርፍ ጾሙን አላቃለለችም።

ጉዳዩ በምዕራብ ሸዋ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለ። ኒውትሮፊል በአብዛኛው ዝቅ የሚለው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ጊንጪ ወይም ወደ ጌዶ የተመለሰ ሰው አደገኛዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው በቤቱ፣ በጓሮውና በደብሩ መካከል ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጸልዩለት፤ ጥምቀቱንና እምነቱን ግን ሐኪሙ የደም ቁጥሩ ተመልሷል እስኪል ያቆዩለት። ቤተሰቡም ትኩሳት ወይም አንዲት ቀይ እብጠት ያየ እንደሆነ ሳያድር ወደ ሆስፒታል ያድርሰው።