የራሳችን ያልሆነውን መስጠት



ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት ወደ ዋይንላንድ ፓርክ ስንመለስ አንድ ታናሽ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ማንጋ ተርጉመው ኢንተርኔት ላይ የሚለቁት ልጆች ሳንቲም አይወስዱም። እኔም የማነበው በነጻ ነው። ታዲያ ሐራሙ የቱ ጋ ነው?» ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጃፓንኛውን ከገጹ ላይ አጥፍቼ እንግሊዝኛውን የምጽፍ እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ አጥተን የሠራነው ለገንዘብ አልነበረም። በእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ሥራው በሕጋዊ መንገድ ተተርጉሞ ሲወጣ የእነሱን ያቆማሉ። የኛው መጽሐፍ መደብር ሲገባ ግን አላቆምንም። አንባቢዎቻችን እንዳይሸሹን ፈራን። ለሥራው ፍቅር ነው ያልነው ኒያ ለካ ዝና መፈለግ ሆኗል።

ሕጉ ግልጽ ነው። በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የመተርጎም መብት የሥራው ባለቤት ነው። በዲናችንም ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል።

«እኛ ዘንድ እኮ ዕውቀት አይሸጥም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የወሎው ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማዎች ከሰው ወደ ሰው የተላለፉት በቃል እየተያዙና በእጅ እየተገለበጡ ነው። ሸኹ ግን የደረሱት ለዳዕዋ፣ እንዲዳረስ ብለው ነው። ሰጪው ባለቤቱ ነበር። ማንጋው ላይ ቸር የሆንነው በሰው ንብረት ነው። ሰደቃ እንኳ ከራስ ገንዘብ ነው የሚወጣው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛው ይከብደዋል፤ የሚወደውን ማንጋ በአማርኛ የሚያሳትምለትም አላገኘም። ለእሱ ብተረጉም ገበያ የማጣላው አሳታሚ የለም። ጉዳቱ ትንሽ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሱ ፍላጎት ፈቃድ እንድጠይቅ ያነሳሳኝ እንደሆነ እንጂ ራሱ ፈቃድ አይሆንልኝም።

መንገዱም ዝግ አይደለም። ክራንቺሮል በ2006 ሲጀምር ያልተፈቀዱ ቪዲዮዎች ይጫኑበት ነበር፤ በ2009 ግን ከባለቤቶቹ ጋር ተዋውሎ ወደ ሕጋዊ ሥራ ዞረ። ሹኤይሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚም በ2019 ማንጋ ፕላስን ከፍቶ የብዙ ሥራዎቹን የመጀመሪያና የቅርብ ምዕራፎች በነጻ ያስነብባል። እዚሁ ሃይ ስትሪት ላይ የኖርዝሳይድ ቤተ መጻሕፍት አለ። ወደ ላይ ትንሽ ከተጓዝን ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍት ብዙ ማንጋ ሰብስቦ ይዟል።

ለወንድማችን በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው፦ «ማን ተጎዳ ከማለትህ በፊት ማን ፈቀደ በል።» እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳላቀርብ ዓመታት አልፈዋል። አላህ ይማረኝ፤ እናንተንም ከኔ የተሻላችሁ ያድርጋችሁ።

ወላሁ አዕለም።