በረካ የሌለው ቡና

ልጆቼ፣ በቀደም ዕለት ከመካከላችሁ አንዱ የአባቱን ተዝካር አወጣ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ፣ ሁለት በሬ ወድቆ፣ ጠላው በበርሜል ቀርቦ ነበር። እኔም ጸሎቱን አድርሼ፣ ባርኬ፣ በላሁ፤ አልዋሽም፣ ወጡ ጣፍጦኛል። ግን እኒያ ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ማዕድ አልቆረሱም። ሲሞቱ ሦስት መቶ ሰው በላላቸው።

ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው ዛሬ የቆምኩት።

አንደኛው የቤት ነገር ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በተሠራው ኮንዶሚኒየም ብዙዎቻችሁ ዕጣ ወጥቶላችኋል፤ ተመስገን ነው። ታዲያ አብዛኛው ብሎክ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ለጎረምሳ ደረጃ ነው፤ ጉልበቱ ለከዳው ሰው ግን የእስር ቤት በር ነው። አንዲት የንስሐ ልጄ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ቀበሌ ቤት ሳሉ በራቸው ገርበብ ሲል ጎረቤት ይገባ ነበር፤ ዕድሩም ሰንበቴውም ደጃቸው ነበር። ሰፈሩ ፈረሰና ወደ ላይ ወጡ። አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ሴራሚኩ ያበራል። ደረጃውን ቆጥረውታል፤ ሰባ ሁለት ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቡና አቅርበዋል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ተደርድሯል። «እንግዳ አለ እንዴ?» ብላቸው፣ «ኧረ የለም አባ፤ ረከቦቱ ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው» አሉኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን። በረካው ሲቀዳ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። «እዚህ ቤት በረካ ከተጠጣ ቆየ። ለብቻዬ ስሆን አቦሉን እጠጣና የቀረውን በረንዳ ላይ ላለው አበባ እደፋዋለሁ» አሉ። አበባውን አየሁት፤ ጠውልጓል።

ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ በየወሩ ትልካለች፣ ሠራተኛም ቀጥራላቸዋለች። ወንዱ እዚሁ ከተማ ነው። መኪናውን ታች አቁሞ ክላክስ ያደርጋል፤ ሠራተኛዋ ወርዳ ፌስታሉን ትቀበለዋለች። ሙዝ አለው፣ ዘይት አለው፣ የደም ግፊት መድኃኒት አለው። ሰባ ሁለቱን ደረጃ የሚወጣው ፌስታሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር... ሁለተኛውም ይኸው ፌስታል ነው። ጌታችን ፈሪሳውያንን በምን እንደ ገሠጻቸው ታውቃላችሁ። ለወላጅ የሚገባውን ቁርባን ነው፣ መባ ነው እያሉ ይሸሹ ነበር። እኛስ? ልደታችንን መቄዶንያ ሄደን ከአረጋውያን ጋር እናከብራለን፤ መልካም ነው፣ አትተዉት፣ ጨምሩበት። ነገር ግን እዚያ የማታውቃትን እናት ስታጎርስ ፎቶ የተነሣህ ልጅ፣ የወለደችህን መቼ አጎረስክ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ለወላጅ ቀለብ መስጠትን በልጅ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ዳኛ ለወላጅ ቀለብ ይቆርጥለታል፤ ቡና አጣጪ ግን አይፈርድለትም።

አንገትህን አትድፋ፤ አንተን ብቻ አይደለም የምለው። የእኔም እናት ገጠር ሆና «ና» እያለች ስትልክብኝ፣ እኔ «ጾሙ ይፈታ፣ ክብረ በዓሉ ይለፍ» እል ነበር። ስሄድ ለፍትሐት ሄድኩ። ለሰው ሁሉ እናት ፍትሐት አድርሻለሁ፤ በእሷ ላይ ግን ድምፄ ተቆረጠ፣ ሌላ ቄስ ጨረሰልኝ። ስለዚህ ስቆጣ የምቆጣው ከማውቀው ነው።

ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ እናቱ ማን ቤት እንደምትኖር አልዘነጋም። እናንተ ግን ሥራ በዝቶባችኋል! የሁለት ሰዓት ኳስ ጨዋታ ታያላችሁ፣ እናታችሁ ያንኑ ወሬ ሁለቴ ካወራችላችሁ ግን «ነግረሽኛል እኮ» ትላላችሁ። ብትነግርህስ? አንተ በሦስት ዓመትህ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለህ መቶ ጊዜ ጠይቀሃታል።

ሦስተኛው ጠፍቶብኛል። ይልቅ ይህን ስሙ፤ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተር ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ፎቅ ላይ የቀሩ አረጋውያንን ብሎክና የቤት ቁጥር አስመዝግቡ። ጎረምሶቹ በወንበር ተሸክመው ለኪዳነ ምሕረት ያወርዷቸዋል፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ እሑድ እሑድ ቡና ለመጠጣት ይወጣሉ። ከባለ ስድስት ሲኒዋ ቤት ይጀመራል። ትናንት ነግሬያቸው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሠራተኛቸውን ልከውብኛል፣ «ለስንት ሰው ልቁላ?» ብለው።