ማንም የማያየው መከለያ



በባንግላዴሽ በብርዱ ወራት አመሻሽ ላይ የተምር ዛፍ ግንድ ተልጦ ገንቦ ይንጠለጠልበታል። ጣፋጩ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ያድርና ማለዳ ሳይፈላ ይጠጣል። ሌሊት ግን ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎችም መጥተው ይልሱታል፤ ምራቃቸውና ሽንታቸው ይቀላቀልበታል። ኒፓህ የተባለው ቫይረስ ወደ ሰው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የሌሊት ወፏን አያሳምማትም፤ ከሚይዛቸው ሰዎች ግን ከ40 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። ከታማሚው ወደ አስታማሚውም ይተላለፋል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሌሊት ወፏማ ሪዝቋን ነው የፈለገችው። ከቀርከሃ የተሠራ መከለያ የተላጠውን ግንድና ገንቦውን ከሸፈነ አትደርስበትም። መከለያውን ማሰር ግን ልፋት አለው። ማለዳ ለሚጠጣው ሰው ደግሞ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም ጣዕሙ ያው ነው። ልዩነቱን ከአላህ ቀጥሎ የሚያውቀው ፈሳሹን ያወረደው ሰው ብቻ ነው።

አማና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ወተት የምንሸጥ፣ ሥጋ የምናርድ፣ ለሰው ምግብ የምናበስል ሁሉ፦ ለማናውቀው ሰው ስንል፣ ማንም ሳያየን የሸፈንነው ገንቦ የትኛው ነው?

መልካም ጁሙዓ!