ስለ እንግዳና ስለ ልጅ

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ፥ ቤቱ ለእርሱ ሲል ሥርዐቱን ሊለውጥ ይገባዋልን? ወይስ እርሱ ወደ ቤቱ ሥርዐት ሊገባ ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ፍቅርና ሕግ በአንድ ማዕድ ላይ ሲገናኙ የሚነሣ ነውና ሊመረመር ይገባዋል።

የሰው በዓል ሁሉ በፀሓይ ብቻ አይቈጠርም። የቻይና ሕዝብ ዘመን መለወጫውን የሚያከብረው ጨረቃ በምትታደስበት ቀን ነው፤ ስለዚህ በጥርና በየካቲት መካከል ይመላለሳል። በዚያን ጊዜ ተማሪው ከትምህርቱ፥ ሠራተኛውም ከሥራው ያርፋል፤ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይጓዛል። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ጾምንና ትንሣኤን በባሕረ ሐሳብ የሚያወጡት የጨረቃን ሒሳብ ይዘው ነው፤ ንዑስ ቀመር የሚባለው የ19 ዓመት ዙር ፀሓይንና ጨረቃን ያስታርቃልና። የጥንት የቻይና ሊቃውንትም ይህንኑ የ19 ዓመት ዙር ያውቁት ነበር።

በ2018 ዓመተ ምሕረት መጥቅዕ 18 ሆነ። መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮበት መባጃ ሐመሩ 25 ወጣ፤ ነነዌ ጥር 25፥ ዐቢይ ጾምም ሰኞ የካቲት 9 ቀን ገባ። የቻይና ዘመን መለወጫ ደግሞ በማግሥቱ የካቲት 10 ቀን ዋለ። በዋዜማው ማታ የዚያ አገር ቤተ ሰብ ሁሉ ለታላቁ ማዕድ ሲሰበሰብ፥ በኢትዮጵያ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ነበረ። አንዲት ጨረቃ ለአንዱ ገበታ ስትዘረጋ ለሌላው ገበታ አጠፈች።

እንግዲህ በቻይና በጓንግዙ ከተማ በንግድ የሚኖር አንድ የመንዝ ልጅ አለ እንበል። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያ በዓል ነውና ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በአይሮፕላን አዲስ አበባ ደረሰ፤ መንገዱም ሰላም ሆኖለት በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ መሐል ሜዳ ገባ። እናቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የምታየውን ልጇን ስትጠብቅ በግ አድልባ ነበር። ዳሩ ግን የደረሱት ቅበላ ባለፈ በማግሥቱ ነው። በጉ በደጅ ታስሮ ይጮኻል፤ በመሶቡ ላይ ግን ሽሮ ወጥ ቀረበ። ታላቁ ልጅ፥ «አያቴ ይህን በግ ለማን አስቀመጠችው?» ብሎ አባቱን ጠየቀ፤ አባቱም መልስ አጣ።

አንዱ ሰው፥ «አብርሃም እንግዶቹን ጥጃ አርዶ ተቀብሏል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ልጅ ከእንግዳ አያንስም» ይላል። ሌላውም፥ «በሰው መምጣትና መሄድ የሚለወጥ ከሆነ ሥርዐት አይባልም» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን እንግዳና ልጅ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ሁለቱም ረስተዋል።

እንግዳ የሚከበረው ቤቱ ለእርሱ ሲለወጥ ነው፤ አልጋ ይለቀቅለታል፥ ያልተለመደ ምግብም ይሠራለታል። ልጅ የሚከበረው ግን ቤቱ ሳይለወጥ ሲቆየው ነው። እናቲቱ ጾሙን ሽራ በጉን ብታርድለት፥ በአፏ «ልጄ» እያለች በእጇ «እንግዳዬ» ባለችው ነበር። ሽሮውን ከእርሷ ጋራ በአንድ መሶብ ስታቀርብለት ግን፥ «ከእኛ ወገን ነህ፤ ስንጾም ትጾማለህ፥ ስንፈስክም ትፈስካለህ» ማለቷ ነው። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ሰሙ ሽሮ፥ ወርቁ ልጅነት ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ነገር ከጓሳ ሣር ተምሮታል። የጓሳን ሜዳ አባቶች ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁት ነበር፤ አንዱ ከብቱ ስለ ራበው ወይም የቤቱ ክዳን ስላፈሰሰ ብቻውን አይከፍተውም፤ የሚከፈተው ተመክሮ ለሁሉ ነበር። ያ የቀድሞ ሥርዐት በ1967 ዓመተ ምሕረት በመሬት ዐዋጅ ቢቀርም፥ ሕዝቡ ኋላ እንደ ገና በማኅበር ሣሩን መጠበቅ ጀመረ። የተዘጋ ነገር የተከለከለ ብቻ አይደለም፤ የተጠበቀም ነውና።

ዳሩ ግን ጾምን መጠበቅ ልጅን ለማሳፈር ምክንያት አይሁን። ሰባት ዓመት ያልሞላው ታናሹ ልጅ ወተቱን ይጠጣ፤ ታላቁም «ጾም አታውቅምን?» ተብሎ በጎረቤት ፊት አይነቀፍ። በባዕድ አገር ያደገ ሕፃን ያልተማረውን በነቀፋ አይማረውም፤ የጠየቀውን ግን በፍቅር ቢመልሱለት ሲያስበው ይኖራል። «በጉ ለትንሣኤ ነው» ብትለው ይበቃዋል።

የዕረፍቱ ቀን አጭር ነው። ሚያዝያ 4 ቀን ትንሣኤ ሲደርስ ልጁ በጓንግዙ፥ እናቱ በመሐል ሜዳ ይሆናሉ፤ በጉም እነርሱ በሌሉበት ይታረዳል። ይህ ኀዘን የለበትም የሚል ሰው የእናትን ሆድ አያውቅም። ነገር ግን እርሱ በእናቱ መሶብ የጀመረውን ጾም በዚያ ከፈጸመው፥ ሁለቱ በየአገራቸው ሆነው በአንድ ቀን ይፈስካሉ፤ በጉን ሽራ አብራው በልታ ቢሆን ኖሮ ይህን አያገኙትም ነበር።

ስለዚህ ወደ አገር የሚመለስ ሰው፥ የአይሮፕላኑን ቀን ከመጠየቁ አስቀድሞ በወላጆቹ ቤት ዘመኑ ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ወላጆችም ልጃቸውን እንደ እንግዳ ከማክበር ይልቅ እንደ ልጅ ሊያምኑት ይድፈሩ። ማደሪያ መንገደኛው ሲደርስ ይሰናዳል፤ ቤት ግን ልጁ ሳይደርስም እንደ ነበረ ሆኖ ይጠብቀዋል።