ነባቢት ነፍስና ዝም ያለ አንደበት

ሊቃውንት ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲያስተምሩ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ይኸውም ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወትም ትኖራለች ማለት ነው። እንግዲህ ዐሥር ዓመት ሞልቶት አንዲት ቃል ያልወጣው ልጅ በፊታችን ቢቆም፣ ነፍሱ ነባቢት አይደለችም እንላለንን? ይህ በጉባኤ ቤት ብቻ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። በአዳማም ሆነ በስምጥ ሸለቆው በተዘረጉት በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከተሞች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ መልሱን በካህኑና በምእመናኑ ፊት ላይ ታነበዋለች።

መልሳችን ይህ ነው፤ ነባቢነት የነፍስ ባሕርይ ነው፣ አንደበት ግን መሣሪያዋ ነው። የበገናው አውታር ቢበጠስ ደርዳሪው ዜማውን አጣ አይባልም። ወንዱን በአርባ፣ ሴቲቱን በሰማንያ ቀን ስናጠምቅ ሕፃኑ አንዲት ቃል አይመልስም፤ ክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ይመልስለታል፤ እርሱም ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። በአፉ ስላልተናገረ ከጸጋ ልጅነት የከለከለው የለም።

ኦቲዝም የሚባለው ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። የወላጅ ኀጢአት ቅጣት አይደለም፤ ጌታም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ እንዲህ ያለውን አሳብ አርቆታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ ከእነርሱ 3ቱ የማይናገሩ ነበሩ። በአገራችንም የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በዚያው አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም እንዲህ ያሉ ልጆች በጓዳ ተደብቀው እንዳይቀሩ ደከሙ።

በአዳማ ገበያ አማርኛ የማይሰማ ሻጭና አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ገዢ ሲገናኙ በጣት ይቆጥራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ የፊትን ገጽ ይመለከታሉ፣ ተስማምተውም ይለያያሉ። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ይህን ያህል ከታገሥን፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረው ልጅ መታገሥ እንደ ምን ይከብደናል? ልጁ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ውኃው ቧንቧ ቢስባት መጠማቱን መናገሩ ነው። የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን በእጁ ቢደፍን ጩኸቱ አስጨንቆታል እንጂ ቃለ እግዚአብሔርን ጠልቶ አይደለም። ዐይኑን ከዐይናችን ቢያሸሽም እንደ ናቀን አንቍጠረው፤ ሳያየን ሊሰማን ይችላልና። ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ ግን በአንዱ ልጅ ደስታ፣ በሌላው ጭንቀት ሊሆን ስለሚችል ትርጓሜውን ከእናቱና ከወንድም ከእኅቱ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

በዚህ ነገር ይልቁንም ካህናት እንጠንቀቅ። ሐና በሴሎ ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈርዋ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ፈረደባት። ዐይኑ አይቷል፤ ፍርዱ ግን ቸኩሏል። እርስዋ ባስረዳችው ጊዜ ሰምቶ መረቃት። የማይናገረው ልጅ ግን ተከራክሮ ሊያስረዳን አይችልምና ጥንቃቄያችን ሊበዛ ይገባል። መወራጨቱን ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብሎ ማሰርና መምታት በደል ነው፤ ጠበሉ ለበረከት ይሁንለት፣ ሐኪሙና አስተማሪውም አይከልከሉበት። ያላለውን ብሏል ማለትም ሌላ በደል ነው፤ በውጭ አገር የማይናገሩትን እጅ ይዘው ፊደል ያስጠቈሙ ረዳቶች ነበሩ፣ ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ግን ቃሉ የረዳቶቹ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ መስቀሉን ከሩቅ እናሳየው፣ እስኪቀርብም እንታገሥ፤ ባይሳለም አናስገድደው። ከከበሮውና ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ስፍራ ይሰጠው። አጭር ቃል ተናግረን ዝም ብለን እንጠብቀው። ደጀ ሰላሙን የምንሳለም፣ በስግደት የምንወድቅ፣ እጃችንን ዘርግተን የምንጸልይ እኛ ሥጋ ያለ ቃል እንዲናገር እናውቃለን። ስለ ራሳችን የምናምነውን ለዚህ ልጅ ልንነፍገው አይገባም። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ አንደበቱ ዝም ያለውን የምንሰማበት ማስተዋል ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።