የጓሮ ገመና

ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው የት ይጥለዋል? ወንዝ ሩቅ ነው፤ እሳት ጢስ አለው፤ ደጅ ላይ የተጣለውን ጎረቤት ያየዋል። አንድ ቦታ ግን አለ። ማንም ተከትሎ የማይገባበት፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የተጣለበትም ነገር ተመልሶ ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ቦታ፤ ሽንት ቤት።

አንባቢ አፍንጫውን ከመያዙ በፊት ጥቂት ይታገሠኝ። አሜሪካ ውስጥ ከመቶና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተደፈኑ የጓሮ ሽንት ቤቶችን እየፈለጉ፣ እየቆፈሩ፣ አሮጌ ጠርሙስ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ለአንዳንዱ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ኪስ የሚደጉም ንግድ። ስለነዚህ ሰዎች ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አልለቅ ይለኛል። አንድ ሰው እንዳይታይበት ብሎ የጣለውን ነገር፣ እሱ ከሞተና ከተረሳ በኋላ አውጥቶ ማየት ይገባል ወይ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። እንደ ፊላዴልፊያ፣ ባልቲሞርና ኒው ዮርክ ያሉ ከተሞች የፍሳሽ ቱቦ ከመዘርጋታቸው በፊት ቤቱ ሁሉ ጓሮው ጥግ ላይ ጉድጓድ ነበረው። በጡብ፣ በድንጋይ ወይም በሳንቃ የተደገፈ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ይጀምርና አንዳንዱ ከአምስት ሜትር ያልፋል። ሲሞላ ሌሊት እየመጡ የሚጠርጉ ሠራተኞች ነበሩ። ቺካጎ በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ ሌሎቹም ከተሞች ተራ በተራ ቱቦ ሲዘረጉ ጉድጓዶቹ ሥራ ፈቱ። የቆሻሻ መኪና በየደጁ በማይመጣበት ዘመን ያን ክፍት ጉድጓድ በምን ይሙሉት? የተሰበረ ሳህን፣ ያለቀ ጫማ፣ አጥንት፣ አመድ፣ ጠርሙስ እየጣሉ ሞሉት፤ አፈር አለበሱት። ላዩም ሣር በቀለበት።

የዛሬው ቆፋሪ ያን ጉድጓድ ከሣሩ ሥር የሚያገኝበት ዘዴ አለው። ሳንቦርን የተባለ ኩባንያ ከ1867 ጀምሮ ለእሳት መድን ድርጅቶች የአሜሪካን ከተሞች ቤት በቤት የሚያሳይ ካርታ ያነሣ ነበር። ቆፋሪው ካርታውን ያገላብጣል፤ የቤቱን ዕድሜና የጓሮውን ወሰን ይለያል፤ ከባለቤቱም ፈቃድ ይጠይቃል። ቀጥሎ እጀታ የተበየደለትን ቀጭን የብረት ዘንግ በአጥሩ ጥግ እየወጋ ያዳምጣል። ያልተነካ መሬት ዘንጉን ይመልሰዋል፤ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት ግን ይለቅለታል። አመዱ ሲንኮሻኮሽ፣ የሸክላና የብርጭቆ ስባሪ ዘንጉን ሲነካው በመዳፉ ይታወቀዋል። የቀረው የአካፋ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ተደርምሶ ሰው ሊቀብር ስለሚችል ግን ቀልድ የለበትም። ሽታውስ ለሚል፣ ያ ሁሉ ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ ጥቁር አፈር ሆኗል፤ የቀረው ሰዎቹ የበሉት የእንጆሪና የበለስ ዘር ነው።

ጠርሙሱ ደግሞ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። ቂጡ ላይ እንደ ጠባሳ ያለ ሻካራ ክብ ካለበት፣ ብርጭቆውን በትንፋሹ የነፋው ሠራተኛ ከብረቱ ሲያላቅቀው የቀረ ምልክት ነውና አብዛኛውን ጊዜ ከ1860ዎቹ ወዲያ ማዶ ያለ ነው። የቅርጹ ስፌት እስከ አፉ ጫፍ ድረስ ከወጣ ግን ማይክል ኦወንስ በኦሃዮ፣ በቶሊዶ ከተማ፣ በ1903 ገደማ አውቶማቲክ የጠርሙስ ማሽኑን ካስተዋወቀ በኋላ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የኛ ከተማ ሰው አንድ ነገር ሊያስገርመው ይገባል። «ቆራሌ!» የሚለውን ጥሪ ሲሰማ ያደገ ሰው ባዶ ጠርሙስ ገንዘብ መሆኑን ያውቃል፤ እማወራዋ አጥባ ታስቀምጠዋለች እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አትጥለውም። አሜሪካም ቢሆን ጠርሙስ በሰው ትንፋሽ ይሠራ በነበረበት ዘመን ታጥቦ ዳግመኛ የሚሞላ ዕቃ ነበር። ታዲያ ያልተሰበረ ጠርሙስ፣ ያውም ሽንት ቤቱ ገና በሚሠራበት ዘመን ከነበረው አፈር ውስጥ ሲገኝ፣ ለምን ተጣለ? ከእጅ አምልጦ ይሆናል፤ ቸልተኝነትም ይሆናል። እንዳይታይ ተብሎም ይሆናል። ከሚስቱ ተደብቆ የሚጠጣ ባል፣ ከባሏ ተደብቃ የምትጠጣ ሚስት፣ ከጌቶቿ ተደብቃ የምትጠጣ ገረድ ባዶውን ጠርሙስ የት ያደርሱታል?

ቆሻሻ ከአንደበት ይልቅ እውነት እንደሚናገር ለማወቅ የግድ መቶ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ዊልያም ራትጂ የተባለ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ከ1973 ጀምሮ ከተማሪዎቹ ጋር በቱሳን ከተማ የነዋሪዎችን ቆሻሻ እየለየ አጥንቶ ነበር። ሰዎች ምን ያህል አልኮል እንደሚጠጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስና በቆሻሻቸው ውስጥ የሚቆጠረው ጠርሙስና ቆርቆሮ አልገጠመም። ጠርሙሱ ከመልሱ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ሕግስ ምን ይላል? በ1984 በካሊፎርኒያ፣ በላጉና ቢች ከተማ ፖሊሶች አንድ ተጠርጣሪ ደጁ ላይ ያስቀመጠውን የቆሻሻ ከረጢት ከቆሻሻ ሰብሳቢው ተቀብለው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈተሹት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 በ6 ለ2 ድምፅ ተወሰነ፤ ሰው ከግቢው ውጭ አውጥቶ ለሰብሳቢ የተወውን ቆሻሻ ምስጢሬ ነው ሊል አይችልም ተባለ። ግን ልብ በሉ፤ ውሳኔው ደጅ ስለወጣ ቆሻሻ ነው። የጓሮ ሽንት ቤት ደጅ አልወጣም። ባለቤቱ በገዛ ግቢው፣ በገዛ በሩ ውስጥ የጣለው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ነገር አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ ገመና።

ገመና ከወንጀል ይለያል፤ ከውሸትም ይለያል። ሰው ሁሉ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚሸፍነው፣ ጨዋ ሰው ባጋጣሚ ቢያየው እንኳ ፊቱን የሚያዞርበት ነው። ያም ሆኖ ይህ ጨዋነት ለሞተ ሰው ይሠራል ወይ? ሟች አያፍርም፤ ስሙም ከጠፋ የሚያፍርለት ልጅ የለውም ሊባል ይችላል። እኔ ግን አንድ ጠርሙስ ሳስብ በዚህ መልስ አልረካም።

ጠርሙሱ ትንሽና ረዘም ያለ ነው፤ ገላው ላይ «የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚል ጎልቶ የወጣ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አለው። ጥርስ እያወጣ ለሚያለቅስ ሕፃን ተብሎ ከ1849 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ሕፃኑን የሚያስተኛው በውስጡ ያለው ሞርፊን ነው። በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ እንዲህ ያለው ነገር በመለያው ላይ እንዲጻፍ እስኪያስገድድ ድረስ እናቲቱ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1911 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሽሮፕ «ሕፃን ገዳዮች» ከሚላቸው መካከል መደበው። የተሸጠው ብዛት አያሌ ስለነበር ጠርሙሱ ዛሬም ከየጉድጓዱ ይወጣል፤ ብርቅ ስላልሆነም ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ርካሽ ነው።

እንበልና አንድ ቆፋሪ ይህን ጠርሙስ ከአንድ የሸክላ አሻንጉሊት ክንድ አጠገብ አገኘው። ልጁ አድጎ ሽማግሌ ሆኖ ሞቶ ይሆናል። ልጁ አላደገ ይሆናል። እናቲቱ ጠርሙሱን የጣለችው ስላለቀ ይሆናል፤ ወይም ማየት ስላልቻለች ይሆናል። ቆፋሪው ይህን አያውቅም። ጠርሙሱን አጥቦ መስኮቱ ላይ ያኖረዋል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ያምራል። የአሻንጉሊቱን ክንድ ከአፈሩ ጋር ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። እኔ እዚህ ላይ ደስ አይለኝም።

ታዲያ ይቅር፣ አይቆፈር እንበል? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ሕዝብ ልጅ ነኝና ልቤ ወደዚያ ያደላ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የኒው ዮርኩ ፋይቭ ፖይንትስ ታሪክ ነው።

ፋይቭ ፖይንትስ በ19ኛው መቶ ዓመት የድሆች፣ በተለይም የአየርላንድ ስደተኞች ሰፈር ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ሰፈሩን ጎብኝቶ በዚያው ዓመት ባሳተመው የአሜሪካ የጉዞ ማስታወሻው ውስጥ የቆሻሻና የብልግና ጉድጓድ አድርጎ ሣለው። ከእሱ በኋላ የመጡት ጋዜጠኞችና ሰባኪዎችም ይህንኑ ሥዕል አደመቁት። የሰፈሩ ሰዎች መልስ አልጻፉም፤ ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም ነበር። በ1991 በዚያ ቦታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ ሊሠራ ሲል፣ በ1966 የወጣው የቅርስ ጥበቃ ሕግ ስለሚያዝ አርኪዮሎጂስቶች ገቡ። ከሽንት ቤትና ከፍሳሽ ጉድጓዶች 850 ሺህ ያህል ዕቃ ወጣ። ከዚያ ሁሉ መካከል የሰካራም መናኸሪያ ብቻ የሚመስል ነገር ይገኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። ያጌጡ የሻይ ስኒዎች ተገኙ። የልብስ ስፌት መሣሪያ ተገኘ። የመጠጥ እርም ሰባኪ የነበሩት የአየርላንዱ ካህን የአባ ማቲው ምስል ያለበት ስኒ ሳይቀር ተገኘ። በጠባብ ኪራይ ቤት ተጨናንቀው ቢኖሩም እንግዳቸውን በማለፊያ ስኒ ሻይ ይጋብዙ የነበሩ፣ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። መቶ ሃምሳ ዓመት ስማቸውን ያጠፋው የሌላ ሰው ብዕር ነው፤ መልስ የሰጠላቸው ሽንት ቤታቸው ነው።

ሆኖም ያው ቁፋሮ ሌላም ነገር አውጥቷል። በሴተኛ አዳሪዎች ቤት ጓሮ ከነበረው ጉድጓድ፣ ውድ ከሆኑ የሻይ ዕቃዎች ጋር፣ የጨቅላ ሕፃናት አጥንት ተገኘ። ከዚህ የከበደ ገመና የለም። ስኒው ይታይ፣ አጥንቱ ይሸፈን ለማለት ይዳዳናል፤ ግን ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። ከስኒው ሴቶቹ ደንበኛ የሚቀበሉበት ሳሎን እንዴት ያለ እንደነበር እንረዳለን፤ ከአጥንቱ የከፈሉትን ዋጋ። አንዱን ብቻ ብንነግር ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ የደረስኩበት ይህ ነው። ገመናን ማየት ራሱ ነውር አይሆንም፤ ነውሩ አይቶ ዕዳውን አለመቀበል ነው። የሰውን ምስጢር በአጋጣሚ ያወቀ ጎረቤት ሁለት መንገድ አለው። ወይ ለጨዋታ ማሟሻ ያደርገዋል፤ ወይ ያ ሰው ሲታማ ሙሉውን ነገር የሚያውቅ ምስክር ይሆናል። ከጉድጓድ ጠርሙሱን ብቻ መዝዞ የቀረውን የሚመልስ ሰው የመጀመሪያውን ጎረቤት ይመስለኛል። የየትኛው ቤት ነበር? ከየትኛው አፈር፣ ከምን ጋር ወጣ? ይህ ካልተመዘገበ ጠርሙሱ ብርጭቆ ነው፤ ሰዎቹም ሁለተኛ ጊዜ ተጣሉ ማለት ነው።

በቆፋሪዎቹ ላይ ፍርድ እንዳላጓድል ግን መከራከሪያቸውንም መናገር አለብኝ። በ1979 የወጣ ሕግ በፌዴራል መንግሥትና በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ መቆፈርን ይከለክላል፤ የግለሰብ ጓሮ ግን በአመዛኙ የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃዋል። ያ ጓሮ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ቡልዶዘር ሲቆምበት የሚመጣ አርኪዮሎጂስት ብዙ ጊዜ የለም። «እኔ ባላወጣው ይደቅቅ ነበር» የሚለው ቆፋሪ እውነቱን ነው። ጠርሙስን በስፌቱ፣ በአፉና በቂጡ ዕድሜውን ለመለየት ምሁራኑ ከሚጠቀሙበት ዕውቀት ውስጥም ብዙው ሰብሳቢዎች ለፍተው ያጠናቀሩት ነው። ከነዚህ ሰዎች የምጠይቀው አካፋቸውን እንዲጥሉ አይደለም። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ እንዲጨምሩበት ነው።

ደብተር ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የፋይቭ ፖይንትስ ዕቃዎች ተጠንተው ካበቁ በኋላ በዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ተቀምጠው ነበር። በመስከረም 11 ቀን 2001 ማማዎቹ ሲፈርሱ አብረው ጠፉ። ለኤግዚቢሽን በውሰት የወጡ 18 ዕቃዎች ብቻ ተረፉ። መቶ ሃምሳ ዓመት በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ስኒ ከጉድጓዱ በወጣ በአሥር ዓመቱ ደቀቀ። የሰፈሩ ሰዎች ታሪክ ግን አልጠፋም፤ እያንዳንዱ ስባሪ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና።

ዛሬም አንድ ቦታ አንድ ሰው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ያን የሕፃን መድኃኒት ጠርሙስ በጣቱ እየጠራረገ ይሆናል። ጠርሙሱን ቢወስደው አልቃወምም። የአሻንጉሊቱን ክንድም ይውሰድ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያኑራቸው፤ የቤቱንም ቁጥር ይጻፍ። ያቺ እናት ጠርሙሱን ስትጥል ማንም እንዲያየው አልፈቀደችም። ማየቱ ካልቀረ፣ ቢያንስ ልጅ እንደነበራት ይታወቅላት።